ትራፊውን ከፌስታሉ ለዩልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። በዩኒቨርሲቲ ጸሐፊነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ዛሬ ሁለት የወተት ላሞች አሉኝ። ከግቢ ውጭ ለሚኖሩ ተማሪዎችም ቤት አከራያለሁ። ሰሞኑን አዳዲስ ተማሪዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ ከተማችን እየገቡ ነው። ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የያዘውን ልማድ እስኪመረቅ አይለቅም፤ ብዙ ባች ሲገባና ሲወጣ ስላየሁ አውቀዋለሁ። ስለዚህ የምለውን አሁን ልበል።

የምለው አንድ ነገር ነው። የምግብ ትራፊና ደረቅ ቆሻሻ አንድ ላይ አይጣሉ።

ትሪ ላይ የተረፈ እንጀራ ዋጋ አለው። ትኩስ ከሆነ ከብት ይበላዋል። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ድርቆሽ ይሆናል። ለዚህም ካልሆነ ጉድጓድ ገብቶ ማዳበሪያ ይወጣዋል። ሀይላንዱም ዋጋ አለው። ቆራሌው ይገዛዋል፤ ቅዳሜ ገበያ ዘይትና አረቄ የሚሸጡ ሴቶችም አጥበው ይጠቀሙበታል። ወረቀቱም እንዲሁ። ዋጋ የሚያጡት አንድ በርሜል ውስጥ ሲቀላቀሉ ነው። እንጀራው ከፌስታል ጋር ይገማል፣ ወረቀቱ በወጥ ይርሳል፣ ሀይላንዱን ማንም ይጠየፈዋል። ከዚያ በኋላ ተጭኖ ከመሄድ ሌላ ዕጣ የለውም።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያገኘሁት። ከአንድ ምግብ ቤት በየማታው ትራፊ በባልዲ እወስዳለሁ፤ በወር ትንሽ ገንዘብም እከፍላለሁ። ደንበኞቹ በአብዛኛው ተማሪዎች ናቸው። ባለፈው ክረምት ትልቋ ላሜ መብላት ቀነሰች። ከዚያ ማመስኳቷን ተወች። ግራ ጎኗ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ጠነከረ፤ ወተቷም ጠፋ። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ሆድ ድርቀት ተባለ። በመጨረሻ አንድ የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ጎኗን ጫን ጫን እያደረገ ሲዳስስ ቆየና «እትዬ፣ መክፈት አለብን» አለኝ።

ማደንዘዣ ወግቶ፣ ላሟ ቆማ እያለች ነው ጎኗን የከፈተው። እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ያወጣ ጀመር። በመጀመሪያ ጥቁር ፌስታል ወጣ። ቀጥሎ ሳንቡሳ የሚጠቀለልበት ስስ ነጭ ፌስታል። ከዚያ የጆንያ ክር፣ ከዚያ እንደገና ፌስታል። ክሩ ፌስታሉን ተብትቦት ስለነበር በአንድ ጊዜ አልወጣም፤ ሐኪሙ ውስጥ ለውስጥ በጣቱ እየፈታ ነበር የሚያወጣው። የወጣውን ጭኜ የማስወግድበት አንድ ባልዲ አልበቃኝም። ሽታውን ልነግራችሁ አልችልም።

ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ላም ስትበላ አትመርጥም አለ። ያገኘችውን ቶሎ ቶሎ ውጣ፣ በኋላ ተጋድማ ነው መልሳ የምታመሰኳው። ሽሮና ዘይት የነካው ፌስታል ለእሷ ምግብ ነው። ጨጓራዋ ግን አይፈጨውም። ወደ ታችም አይወርድም። እዚያው ይጠራቀምና ቦታውን ይይዛል። ላሟ ሆዷ ሞልቶ በረሃብ ትሞታለች። የእኔዋ ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የጎረቤቴ ጊደር ግን አልተረፈችም።

የምግብ ቤቱን ባለቤት ለመክሰስ አልጻፍኩም። ሳህን የምታነሳዋ ልጅ በምሳ ሰዓት የምትይዘውን የምትጥለውን አታውቅም፤ ቁጭ ብላ ፌስታል ልትለቅም አትችልም። ያን ፌስታል በመጨረሻ በእጁ የያዘው ተመጋቢው ነው። ሶፍቱን ወጡ ላይ ጥሎ፣ ፌስታሉን ጠቅልሎ ትሪው ሥር ወሽቆ የሚነሳው እሱ ነው። አጠገቡ ሁለት ዕቃ ቢኖር መለየቱ ከእጅ መታጠብ ያነሰ ጊዜ ይወስድበታል። ከተቀላቀለ በኋላ ግን ሰው ቀጥረንም በደንብ አንለየውም። እኔ ከዚያ ወዲህ ትራፊውን መሬት ላይ ዘርግቼ በእጄ እለቅማለሁ። ወገቤን ያመኛል፤ እንደዚያም ሆኖ ያመልጠኛል።

ቤቴ ውስጥ የጀመርኩት ከተከራዮቼ ነው። በር ላይ ክዳን ያለው ባልዲ አስቀመጥኩ፤ ለምግብ ብቻ። ከጎኑ ጆንያ ሰቀልኩ፤ ለወረቀት፣ ለሀይላንድና ለቆርቆሮ። ሌላው ወደ ተለመደው ቅርጫት ይሄዳል። ከልጆቹ አንዱ «ማዘር፣ የእኛ ቆሻሻ ስንት ሆኖ ነው?» ብሎኝ ነበር። ጆንያው ሲሞላ ቆራሌው መጥቶ ወሰደው፤ ብሩን ለእነሱ ሰጠኋቸው፣ ሻይ ጠጡበት። የቅርጫቱ ቆሻሻ በጣም ቀንሷል። ሽታና ዝንብም የለም፤ የሚገማው ምግቡ ነበራ! አሁን እንግዳ ሲመጣባቸው የሚቆጡት ራሳቸው ናቸው።

አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ። ትራፊ ሁሉ ለላም አይሰጥም። የሻገተ እንጀራና ዳቦ አይሰጥም። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ ደግሞ በወተቷ በኩል ተመልሶ ወደ ሰው ይመጣል። ሥጋና አጥንትም አይሰጥም። ደህናው እንጀራም ቢሆን ከበዛ ጨጓራዋን ያሳምማታል፤ ከሣር ጋር በልክ ነው። ስለዚህ ትራፊ ማደር የለበትም፣ በየቀኑ መነሳት አለበት። ለከብት የማይሆነው ወደ ኮምፖስት ይሂድ። ኮምፖስት ይሸታል እየተባለ ይጠላል። የሚሸተው የምግብ ትራፊ ብቻውን ሲከመር ነው፤ እርጥብ ስለሆነ አየር አያገኝም። በየመሃሉ ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ ከተነጠፈበትና አልፎ አልፎ ከተገላበጠ አይሸትም። ቅጠሉን ደግሞ በየሰፈሩ ጠርገን እያቃጠልነው ነው፤ ጢሱ ለእኛው ይተርፋል።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምግብ ቤት ልለፍ። በ2017 ዓ.ም. መንግሥት ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመድበው የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ኑሮው እንደዚህ ሆኖ ያም ቢሆን ብዙ አይደለም። ግን የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የሚጣለው እንጀራም ከዚያው ውስጥ ነው የሚወጣው። ተማሪዎችን ብቻ አልወቅስም። እንጀራው ከኮመጠጠ፣ ወጡ ከቀጠነ ማንም ይተወዋል። ለዚህ ነው ትራፊው ይመዘን የምለው። ከትሪ መመለሻው አጠገብ አንድ ሚዛን ይቀመጥ። የየዕለቱ ትራፊ ከየትኛው ምግብ እንደመጣ ይጻፍ። ብዙ የሚተርፍበት ቀን ከታወቀ ወጥ ቤቱ የሚያስተካክለውን ያውቃል። ግማሽ እንጀራ የሚበቃው ተማሪም «ግማሽ ይበቃኛል» ሲል የሚሰጠው ይኑር። ይህ ሥራ ለመመረቂያ ጽሑፍም የሚሆን ነው። ርዕስ አጥተው የሚንከራተቱ ልጆች ስንት አሉ።

ስለ መመረቂያ ጽሑፍ ካነሳሁ፣ ወረቀት እኔን እንዳንገበገበኝ ነው ከሥራ የወጣሁት። አንድ ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደሚታተም የሚያውቀው ጸሐፊ ነው። ለአማካሪው ይታተማል። ለፈታኞቹ ይታተማል። ኮሜንት ይሰጥና ጥቂት አንቀጾች ተስተካክለው ሙሉው እንደገና ይታተማል። ያውም በአንድ ገጽ ብቻ፣ መስመሩ ሰፍቶ፣ ከላይ ፕላስቲክ ሽፋን፣ ከጎን ስፓይራል ተደርጎበት። ስንቱ መምህር ፋይሉን በቴሌግራም ተቀብሎ በላፕቶፑ እንደሚያነበው እያየሁ ነበር የማትመው። ረቂቁ በፋይል ይላክ፣ የመጨረሻው ብቻ በሁለት ገጽ ይታተም ቢባል ማን ይጎዳል? እኔ ጀርባው ያልተጻፈበትን ወረቀት ሰብስቤ፣ አራት ቦታ ቆርጬ፣ በስቴፕለር እየመታሁ የማስታወሻ ደብተር እሠራ ነበር። መምህራኑ ወደውት «እስቲ ከዚያች ደብተር አንድ ስጪኝ» እያሉ ይመጡ ነበር። ለስብሰባ የሚታደለውም ሀይላንድ እንዲሁ ነው። ሰው ግማሹን ጠጥቶ ትቶት ይወጣል፤ ቀጥሎ የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ከነውኃው ይጣላል። ጆግና ብርጭቆ ይበቃ ነበር። ግቢ በር ላይ ቡና የሚያፈሉት ሴቶች ቀኑን ሙሉ በስኒ ነው የሚያስተናግዱት። አጥበው መልሰው ይቀዱበታል፤ የሚጣል ነገር የላቸውም።

ውኃንም ሳላነሳ አላልፍም። የአንገረብ ግድብ በደለል መጎዳቱን፣ ቧንቧችን በፈረቃ መምጣቱን ጎንደሬ ሁሉ ያውቃል። ውኃ በጠፋበት ሰዓት ቧንቧውን ከፍቶ አይቶ፣ ሳይዘጋ መሄድ የተለመደ ነው። ሌሊት ውኃው ሲመጣ እስኪነጋ ይፈሳል። እኛ ታች ሰፈር ጀሪካን ደርድረን የምንጠብቀው ያንኑ ውኃ ነው። ልጆቼ፣ እባካችሁ ዝጉት።

የተቀላቀለው ቆሻሻ ሁሉ መኪና የሚደርሰው እንዳይመስላችሁ። ነፋስ ያነሳው ፌስታል ቦይ ይገባል። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ወንዞች ይወስደዋል። ለጥምቀት የፋሲለደስን መዋኛ የምንሞላው ከቀሃ በሚመጣ ውኃ ነው። ከዚያ ሁለቱም ወንዞች ከመገጭ ወንዝ ይገናኛሉ፤ መገጭም ጣና ይገባል። እምቦጭ ጣና ላይ መጀመሪያ የታየው በ2004 ዓ.ም. በዚያው በመገጭ መግቢያ በኩል ነበር። እምቦጭ የሚወፍረው በቆሸሸ ውኃ ውስጥ ባለው ምግብ ነው። ከከተማችን የሚወርደው ፍሳሽና ብስባሽም ይቀልበዋል።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህን ቢመራ ያምርበታል። በ1947 ዓ.ም. ሲመሠረት የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ነበር። ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ ነው የተከፈተው። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን በቡድን ሆነው ወደ ሕዝቡ ይወጡ ነበር። የሳኒተሪያኑ ሥራ መጸዳጃ፣ ንጹሕ ውኃና የቆሻሻ አወጋገድ ነበር። ዛሬ የእንስሳት ሐኪሙም፣ የግብርናውም፣ የአካባቢ ጤናውም፣ የምሕንድስናውም ሰው በአንድ ተቋም ውስጥ አለ። ትራፊውን ማን ያንሳው፣ ኮምፖስቱ የት ይሁን፣ ባዮጋዝ ያዋጣል ወይ የሚለውን ከእነሱ የተሻለ የሚመልስ የለም።

ሕጉም አለ። የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዲመረትም እንዲገባም ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ደግሞ ፌስታልን በጠቅላላው ከልክሏል። ከላሜ ጨጓራ የወጣው ያው የተከለከለው ስስ ፌስታል ነው። አዋጅ ብቻውን ፌስታሉን ከሰው እጅ አይነጥቀውም። ተማሪው ዳቦና ሳንቡሳ ሲገዛ «ፌስታል አልፈልግም» ማለት ይልመድ። ቦርሳው ውስጥ አንድ የጨርቅ ከረጢት ወይም ምሳ ዕቃ ይያዝ። እናቶቻችን ዘንቢል ሳይዙ ገበያ አይወጡም ነበር።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። በየምግብ ቤቱ፣ በየላውንጁና በየዶርሙ ኮሪደር ሁለት ዕቃ ይቀመጥ፤ አንዱ ለምግብ፣ አንዱ ለደረቅ። በላዩ ላይ በትልቁ ይጻፍበት። አዲስ ተማሪዎች ገለጻ ሲደረግላቸው ይህም አብሮ ይነገራቸው። እኔና ላም የሚያረቡ ጎረቤቶቼ ንጹሕ ትራፊውን ጠዋትና ማታ እየመጣን እንወስዳለን። ባልዲውንም አጥበን እንመልሳለን። ስልክ ቁጥሬን ለዝግጅት ክፍሉ ልኬያለሁ። ፈቃደኛ የሆነ ምግብ ቤት ወይም ላውንጅ ከጠየቃችሁ እባካችሁ ስጡልኝ።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት የማራኪ ነዋሪ፣ ጎንደር