ከሐውልቱ የጎደሉ 3 ስሞች

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። በምሥራቅ ጎጃም አንዲት የወረዳ ከተማ የምኖር ጡረተኛ መምህርት ነኝ። የምጽፈው የከተማችን የአርበኞች መታሰቢያ ሲታደስ ስለ ጎደሉት 3 ስሞች ነው። አንዱ ከበላይ ዘለቀ ጦር ጋር ሲዋጋ የወደቀው አጎቴ ነው።

አሮጌው መታሰቢያ 17 ስሞች በመሮ የተቀረጹበት እብነ በረድ ነበር። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር እጄን ይዞ ይወስደኝና ከላይ አራተኛውን መስመር በጣቱ ዳብሶ «ወንድሜ ይኸውልሽ» ይለኝ ነበር። ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ሲያዛውረው እንኳ እሱ ቀኑን አልለወጠም፤ ኩታውን አጣፍቶ በሚያዝያ 27 ብቻውን ይሄድ ነበር።

ዛሬ በቦታው ጥቁር ድንጋይ ቆሟል። ስሞቹ 14 ናቸው። ከሥር የመራቂው ባለሥልጣን ስም ከነማዕረጉ ሰፍሯል፤ ፊደሉም ከአርበኞቹ ፊደል ይተልቃል። አሮጌውን እብነ በረድ ስፈልግ ከርሜ ከአንድ መጋዘን ጀርባ፣ ከሲሚንቶ ከረጢቶች ሥር አገኘሁት። ውኃ አፍስሼ በነጠላዬ ጫፍ ስጠርገው አራተኛው መስመር ፍንትው ብሎ ወጣ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

አቤት ስል «ጽሑፉን ያመጣው ኮንትራክተሩ ነው» ተባልሁ። የሞቱልን ሰዎች ስም ለኮንትራክተር አይተውም! አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ከመጠገኑ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲገኝ ያዛል። እንደኛ ያለች ትንሽ ከተማ መታሰቢያ ግን በቅርስነት ካልተመዘገበ ማን ይጠይቅለታል? የመንግሥት አስተያየትም አይጸናም፤ በላይ ዘለቀን በ1937 ዓ.ም. የሰቀለች አገር ኋላ በስሙ ትምህርት ቤት ሰይማለች። የአርበኛ ስም በሰሞኑ ሹም እጅ ብቻ እንዳይሆን የምለው ለዚህ ነው።

ጽሑፉ ድንጋይ ላይ ከመቀረጹ በፊት በወረቀት ይለጠፍ፤ ዘመድ፣ የዕድር ሰዎችና የደብሩ ካህናት አንብበው ያርሙት። የነበረው ከመነሣቱ በፊትም ፎቶው ተነሥቶ፣ ስሞቹ ተገልብጠው በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይቀመጡ። የእኛም እብነ በረድ ከሲሚንቶው ሥር ወጥቶ ከአዲሱ ድንጋይ ጎን ይቁምልን።

በመጪው ሚያዝያ 27 የልጅ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። እሷ ማንበብ ትችላለች።

የአርበኛ ልጅ፣ ከምሥራቅ ጎጃም