ደብዳቤ ለልጄ፦ የወደቀውን ማን ያንሳው?

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ከጓደኞችህ ጋር የምትሠሩት የቪዲዮ ጨዋታ እዚህ መድረሱ እኔንም እናትህንም በጣም አስደስቶናል። ያነሳኸው ጥያቄ ግን በስልክ የሚመለስ ስላልመሰለኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። «ተጫዋቹ ሲሞት የቀኑን ልፋት በሙሉ ይጣ፤ ጓደኛው የሚያነሳው ከሆነ ሞት ትርጉም ያጣል» ብለሃል። ሞት ትርጉም ይኑረው በሚለው እስማማለሁ። ማንሳቱ ይቅር የምትለውን ግን አልቀበልም።

አንተ ሳትወለድ፣ አሜሪካ ሜሪላንድ በገባሁ ሰሞን፣ ኤቨርክዌስት የሚባል ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚጫወተው ጨዋታ እጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ነው። እዚያ ስትሞት ያካበትከው ልምድ፣ ማለትም እየተጫወትክ የሰበሰብከው ነጥብ፣ ይቀነሳል፤ ደረጃህም ሊወርድ ይችላል። ከሁሉ የከፋው፣ ያን ጊዜ ልብስህም ሰይፍህም ከሬሳህ ጋር ይቀሩ ነበር። አንተ ሩቅ ቦታ ባዶህን ትነቃና የገደለህ አውሬ ወዳለበት ትመለስ ነበር። አንድ ሌሊት ሬሳዬን ፍለጋ ስመላለስ ሦስት ጊዜ ሞትኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ልተኛ ስል አንድ የማላውቀው ተጫዋች «የት ነው የወደቅኸው?» ብሎ ጻፈልኝ። ክሌሪክ የሚባለው ፈዋሽ ነበር፤ የእነርሱ ትልቁ የማስነሻ አስማት ከጠፋው ልምድ 96 በመቶውን ይመልሳል። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ አስነሳኝና ምንም ሳይጠይቀኝ ሄደ። ለአገሩ እንግዳ ለነበርኩት ለእኔ ያ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ቅጣቱ ባይከብድ ኖሮ ያ ሰው አይመጣም ነበር። ማንሳት ባይኖር ደግሞ እኔ በማግስቱ አልመለስም ነበር። በ2004 ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት የሚባለው ተመሳሳይ ጨዋታ ሲመጣ ነገሩ ቀለለ፦ መንፈስ ሆነህ ወደ ሬሳህ ትሮጣለህ፣ የለበስከው ዕቃ 10 በመቶ ያረጃል፣ አበቃ። ሩጫው ከሰለቸህ መቃብሩ ላይ ያለችው መንፈስ ታስነሳሃለች፤ ያን ጊዜ ዕቃህ 25 በመቶ ያረጃል፣ እስከ 10 ደቂቃም ትደክማለህ። እፎይ ብያለሁ፣ አልዋሽህም። ነገር ግን «የት ወደቅህ?» የሚለኝ ሰው ቀነሰ።

ባለፈው ገና ሳሎን ውስጥ ፐብጂ የሚባለውን የተኩስ ጨዋታ ስትጫወት ትዝ ይልሃል? ጓደኛህ «ወደቅኩ፣ አንሳኝ!» ብሎ ጮኸ። በአማርኛችን «አንሳኝ» ማለቱ ደስ አለኝ፤ ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ የሚለው ቃል ነው። አንተ የጭስ ቦምብ ወርውረህ አጠገቡ ተንበረከክህ። አሥር ሰከንድ ይፈጃል። በእነዚያ አሥር ሰከንዶች መተኮስ አትችልም፣ መሸሽ አትችልም፣ ትንፋሽህን ውጠህ ሰዓቱን የሚያሳየው ክብ እስኪሞላ ትጠብቃለህ። እኔም ሻዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ለሞት ትርጉም የሰጠው ያ ነው፤ ለማንሳት አንተ ራስህን አጋልጠሃልና።

ስለዚህ የወደቀው ጊዜውንና ቦታውን ይጣ፤ ለፍቶ ያገኘውን ግን አትንኩበት። ከሥራ ደክሞ ገብቶ አንድ ሰዓት የሚጫወት ሰው ያን ሰዓት ከነጠቃችሁት ተመልሶ አይመጣም። መነሳት የበዛ እንደሆነ እየከበደ ይሂድ። በፐብጂ ደጋግሞ የወደቀ ደሙ ቶሎ ይፈሳል፤ ሌፍት ፎር ዴድ በሚባለው ጨዋታ ላይ ደግሞ ሁለቴ ተነስቶ ሳይታከም ሦስተኛ የወደቀ ይሞታል። ከሞተ በኋላም በሩን ጨርሳችሁ አትዝጉ። ኤፔክስ ሌጀንድስ የሚባለው ጨዋታ በ2019 ሲወጣ የሟቹን ምልክት ከሬሳው አንስተህ ወደ መመለሻው ጣቢያ ካደረስህ ጓደኛህ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ወርዞን በሚባለው ጨዋታ ላይ ያለውን ጉላግ የሚሉትን እስር ቤት ግን አልወደድኩትም፤ ሟቹ ከሌላ ሟች ጋር አንድ ለአንድ ተዋግቶ፣ ያለ ጓደኛ እርዳታ ይመለሳል። ለእናንተ ጨዋታ አይሆንም፤ እናንተ የምትሠሩት አብረው ለሚጫወቱ አራት ሰዎች ነው።

ስለ ደረጃ ነጥብ የጠየቅኸኝን በአጭሩ፦ ቡድኑ ሲሸነፍ ነጥብ ይቀነስ፣ ጓደኛውን መሬት ላይ ጥሎ ከጨዋታው የወጣው ግን እጥፍ ይቀነስበት።

ለፋሲካ ስትመጣ ጨዋታውን ይዘህ ና። እህትህ ትሞክረው፤ እጇ ገና ስላልፈጠነ ቶሎ ትወድቃለች። ሁለተኛ ስትወድቅ ስልኩን ታስቀምጠው እንደሆነ፣ ወይም ወደ እኔ ዞራ «አባዬ፣ አንሳኝ» ትል እንደሆነ አብረን እናያለን።

አባትህ