ለ23ቱ ደረጃዎች መደገፊያ ብረት እንትከል

ከሰባ ደረጃ ብዙም በማይርቀው ሰፈራችን፣ ከቤቶቻችን ወደ ዋናው መንገድ የሚያወርዱት ደረጃዎች 23 ናቸው። 12ኛው ጠርዙ ተበልቶ አዘንብሏል፤ የልብስ እጣቢም የሚወርደው በእሱ ላይ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ለኪዳን የሚወጡ እናቶቻችን በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን፣ በሌላው የጎረቤት ግድግዳ ይዘው፣ ጠርዙን በእግር ጣታቸው እየዳበሱ ይወርዳሉ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችን እዚያው አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። መጀመሪያ ወጌሻ ተጠራ። የዳሌ ስብራት በወጌሻ እጅ የሚመለስ አይደለምና ሁለት ቀን በከንቱ ባከነ። ዛሬ ከአልጋቸው እስከ በራቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሱት።

ከዚያ በኋላ የእድራችን ሰዎች አረጋውያንን ቤት ለቤት ጠየቁ። ሴቶቹ የወደቁበትን ቦታና ቀን ሳይቀር ነገሩን። ወንዶቹ «እኔ? ወድቄም አላውቅ!» አሉ፤ እውነቱን የሰማነው ከሚስቶቻቸው ነው። አንድ ጋሼማ ከዘራቸውን ከበር ኋላ ደብቀው በጃንጥላ ነው የሚደገፉት፣ ያውም በበጋ።

ልዩነቱ ግን የኩራት ብቻ አይደለም። የወር አበባ ሲቋረጥ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ የሴቶች አጥንት ቶሎ ይሳሳል፤ ወንዱ አቧራውን አራግፎ የሚነሣበት አወዳደቅ የእሷን የእጅ አንጓ ወይም ዳሌ ሊሰብር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመውደቅ ምክንያት በዓመት 684,000 ያህል ሰዎች ይሞታሉ። ወድቀው በሕይወት ከሚተርፉት ተጎጂዎች ሴቶቹ ይበዛሉ፤ ለሞት የሚያበቃው አወዳደቅ ግን በወንዶች ላይ ይብሳል። ብረቱ ለእማማ ብቻ የሚተከል የሚመስለው ጋሼ ካለ ይህን አንብቡለት። ደግሞም አንዴ የወደቀ ሰው ይፈራል፤ ፈርቶ ቤት ሲውል ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ያኔ ዳግመኛ ለመውደቅ ቅርብ ነው።

የሚያስፈልገን ለመደገፊያው ቱቦላሬ፣ ለ12ኛው ደረጃ ሲሚንቶና አሸዋ፣ ለጋራው መጸዳጃ ቤት መያዣ ብረትና መብራት ነው። ውሃ ሲነካው የሚያዳልጠው የመጸዳጃ ቤቱ ሊሾም ሸካራ ተደርጎ ይሠራል። በያጁ የሰፈራችን ልጅ ስለሆነ የእጅ ዋጋ አልቀበልም ብሏል፤ ኤሌክትሮዱን ግን እኛ መግዛት አለብን። ገንዘብ የምትሰጡ ለእድሩ ገንዘብ ያዥ አስረክባችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ውጭ አገር ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩልን። ከቤት ግንባታ የተረፈ ብረት ወይም ሲሚንቶ ያለው ያምጣ፤ እሱም የሌለው እሑድ ከሰዓት አካፋ ይዞ ይምጣ። ሰኔ ሳይገባ መጨረስ አለብን።