ሥራሽን አሁን አትልቀቂ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? መልእክትሽ ሲደርሰኝ ቢሮ ነበርኩ። የአባባን መታመም ሳነብ ክው አልኩ። ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ለእኔ ስለነገርሽኝ ግን ደስ ብሎኛል። "አባባን ለማስታመም ሥራዬን ልለቅ ነው" ያልሽውን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኛም ቤት ችግር ከርሟል። እማዬን ግንቦት ላይ ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇና እግሯ አልታዘዝ አላት፣ ንግግሯም ተያዘ። አሁን ተመስገን፣ ተደግፋ ትራመዳለች፣ ስማችንን ትጠራለች። ያኔ ግን የሂሳብ ክፍል ሰው ምን ላይ እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 የግብር ማሳወቂያው ወቅት ይጀምራል። ቀን ሜክሲኮ ቢሮ፣ ማታ ሆስፒታል ወንበር ላይ። ልልቀቅና ልረፍ የሚለው ሐሳብ ለእኔም መጥቶልኛል።

ያልለቀቅኩት መድኃኒቱ፣ ፊዚዮቴራፒው፣ ዳይፐሩ፣ የታክሲው ሁሉ ከደመወዜ ስለሚወጣ ነው። ደመወዝ ሲቆም ጭንቀቱ አይቀልም፣ ሌላ ጭንቀት ይደረብበታል። አባባም ይህን ቢያውቁ አይወዱትም።

ስለዚህ አለቃዬ ጋ ገብቼ ነገርኩት። አላለቀስኩም፣ ዝርዝር ውስጥም አልገባሁም። "እናቴ በጠና ታማለች። ጠዋት 1 ሰዓት ገብቼ 9 ሰዓት ልውጣ። መዝጊያው አይዘገይም" አልኩት። ሰው ሐዘንሽን ብቻ ሲሰማ "እግዚአብሔር ይማርልሽ" ከማለት ሌላ የሚያደርገው ይጠፋዋል። የምትፈልጊውን ለይተሽ ስትነግሪው ግን መልስ ይኖረዋል። ለእኔ እሺ አለኝ። ያንቺው እንቢ ቢል እንኳ የጠየቅሽው በጽሑፍ ይኑር።

የግል ድርጅት ተቀጣሪ ስለሆንሽ የሚመለከትሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ወላጅ ለማስታመም ተብሎ ለብቻው የተቀመጠ ፈቃድ የለውም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ እኛ አገር አስታማሚው ቤተሰብ አይደል? ቢሆንም ባዶ እጅሽን አይደለሽም። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። አሠሪሽ ከተስማማ ለሁለት ተከፍሎ ይሰጥሻል፤ ሁሉንም ባንዴ አትጨርሺው። ከባድ ችግር ሲያጋጥም ደግሞ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ የሥራ ቀን፣ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ መውሰድ ትችያለሽ። አንቺ ራስሽ ከታመምሽ በሐኪም ማስረጃ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ ይከፈልሻል። እንቅልፍ አጥቼ ከርሜያለሁ ስላልሽ ነው ይህን የጻፍኩልሽ።

ሳልተኛ ባደርኩ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ስሌት አልሠራም ነበር። ፋይል አስተካክላለሁ፣ ደረሰኝ እለያለሁ። ከባዱን ሥራ ጠዋት፣ ስልክ ሳይጮህ እጨርሰዋለሁ። የሠራሁትን ቁጥር ሁሉ የሥራ ባልደረባዬ በድጋሚ ታይልኝ ነበር። አንቺም እንዲህ ያለች ሰው አታጪም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ጠያቂው ነው። በፍቅር ነው የሚመጡት፣ ብርቱካንና አጥሚት ይዘው። የዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ከፈረሰ ወዲህ የተበተኑት የእማዬ ወዳጆች ሳይቀሩ ሁለት ታክሲ ይዘው መጥተዋል። እማዬ እነሱን ስታይ ፊቷ ይበራ ነበር። ግን ለእያንዳንዱ ሰው "እንዴት ያዛት? ሐኪሙ ምን አለ?" ከመጀመሪያው ጀምሮ መተረክ ነፍስ ያወጣል። ስልኩም እንደዚያው። በመጨረሻ ወንድሜን "መልስ ሰጪው አንተ ነህ" አልነው። ማታ ማታ ለቤተዘመዱ በቴሌግራም አንድ አጭር መልእክት ይልካል፣ በቃ። የሚጠይቀውንም ሰው ሥራ ሰጠነው። አንዷ ምሳ ታመጣለች፣ ሌላዋ ቅዳሜ ታድራለች። ሰው ማገዝ ይፈልጋል እኮ፣ የሚይዘው ነገር ስጪው።

ለራሴ ያስቀረሁት የእግር መንገዴን ነው። ከቢሮ ስወጣ በብሔራዊ ቴአትር አድርጌ፣ ፖስታ ቤቱን አልፌ ቸርችልን ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤት በእግሬ እሄዳለሁ። ማልቀስም ካለብኝ እዚያው መንገድ ላይ አለቅሳለሁ። ጊዮርጊስ ደርሼ ተሳልሜ ቤት ስገባ ለእማዬ የሚሆን ፊት ይኖረኛል። አንቺም ማንም የማይጠራሽ ሰዓት ያስፈልግሻል። ይህን ቅንጦት ነው ብለሽ አትተዪው።

የፈቃድ ማመልከቻውን ጻፊና ከማስገባትሽ በፊት ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውልልሻለሁ። አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ