አባዬ፣ የባቡሩ ጎታች ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?

ይድረስ ለውድ አባዬ፣

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር። ባለፈው እሑድ ሃያ ደቂቃ አውርተን የተግባባነው «ደህና ነህ?» እና «ደህና ነኝ» ላይ ብቻ ነው። እኔ ስለ ልጁ ጥርስ ስነግርህ አንተ ስለ ዝናብ መለስክልኝ። መሃል ላይ ባቡሩ መጣና እኔም ያንተን መስማት አቃተኝ፣ ሁለታችንም «ሃሎ! ሃሎ!» እያልን ቀረን። ከዚያ ሁሉ ወሬ ጥርት ብሎ የሰማሁት አንድ ነገር ነው፦ «ከዚያ ቤት ውጪ!»

ስለዚህ ጻፍኩ። ፊደሉን ትልቅ አድርጌዋለሁ። መነጽርህ ከጠፋብህ መጀመሪያ ግንባርህ ላይ ፈልገው።

እሺ፣ ወደ ቤቱ ጉዳይ። «ሰው እንዴት ሐዲድ ሥር ቤት ይከራያል?» ብለሃል። ቅርብ ነው፣ አልክድም። ከጓሮው አጥር እስከ ሐዲዱ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለማንም አልተናገርኩም እንጂ አልቅሻለሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የጭነቱ ባቡር ሲመጣ መጀመሪያ የሚናገረው መስኮቱ ነው፣ ዝርርር ይላል፣ ከዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይነካካሉ፣ ከዚያ አልጋው፣ ከዚያ እኔ። ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ያንተና የእማዬ ፎቶ በየሳምንቱ ወደ ግራ ያዘነብላል። አቃናዋለሁ፣ ያዘነብላል። አሁን ትቼዋለሁ። ዘንበል ብላችሁ ታዩኛላችሁ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ባቡሩ ተወኝ። ይሰማኛል፣ አያነቃኝም። እንዲያውም አንድ ሌሊት ብንን ብዬ ነቃሁ፣ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ልጁን አየሁ፣ በሩን አየሁ፣ ምድጃውን አየሁ፣ ሁሉም ደህና ነው። ለካስ ዘጠኝ ተኩል አልፎ ባቡሩ አልመጣም! አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲመጣ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ያመሸ ልጅ እንደምትጠብቅ እናት ሆኜልሃለሁ። አንተ እኔን እንደዚያ ስትጠብቅ ያደርክባቸውን ሌሊቶችም አሰብኩ፣ እሱን ግን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።

ምንም ጉዳት የለውም ብዬ አልዋሽህም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የባቡር ድምፅ ሌሊት በአማካይ ከ44 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል። የኛ ዘጠኝ ተኩል ይህን መመሪያ ያነበበ አይመስለኝም። ስለዚህ የኔንም የልጁንም አልጋ ወደ ፊተኛው ክፍል አዛውሬያለሁ። ወደ ሐዲዱ የሚያየው ክፍል ባዶ ነው። ለምን እንደነገርኩህ ቆይተህ ይገባሃል።

ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ትንሽ ሳለሁ ባቡር ልታሳየኝ ስትወስደኝ የሹራቤን አንገት ከኋላ ጨምቀህ ትይዝ ነበር። «ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ሐዲዱ ይናገራል» ትለኝ ነበር። ለማስደሰት የምትለው ይመስለኝ ነበር። እውነት ነው ለካ! ድምፅ በብረት ውስጥ ሲሄድ በአየር ውስጥ ከሚሄደው ከ10 እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ማታ ማታ አጥሩ ጋ ስቆም ምንም ሳይታይ ሐዲዱ ሽሽሽ ማለት ይጀምራል። ልጁ ታዲያ ጆሮውን ሐዲዱ ላይ ለጥፎ መስማት አማረው። ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? ያንተን ቃል ነው ያልኩት፣ ባንተው ድምፅ፦ «ነጂው ቢያይህም መሪ የለው፣ ወዴት ይዞርልሃል?» የተጫነ ባቡር በፍጥነቱ ላይ እያለ ፍሬን ቢያዝ እንኳ ለመቆም ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሊወስድበት ይችላል። የሹራቡን አንገትም ያዝኩት። እጄ ራሱ ነው የሄደው። አይዞህ፣ የአጥሩ በር ሁሌም የተቆለፈ ነው፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነው።

አንድ የሚቆጭህ ነገር አለ፣ አስቀድሜ ልንገርህ። ያ የምትወደው፣ ባቡሩ የሐዲዱን መገጣጠሚያ ሲያልፍ የሚያሰማው ኳ-ኳታ የለም። ያኔ በሐዲዱ ቁርጥራጭ መሃል ያለውን ክፍተት በጣትህ እያሳየኸኝ «ብረት ሲሞቅ ያድጋል፣ ይሄ የማደጊያ ቦታው ነው» ብለኸኝ ነበር። እኔም ብረቱ እንደኔ የሚያድግ መስሎኝ ስንት ቀን አሰብኩበት። አሁን እዚህ ሐዲዱን በይደው አንድ ወጥ አድርገውታል። ታዲያ እድገቱ የት ይገባል አልኩ። 1 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር ልቀቁኝ እያለ ወደ 35 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይፈልጋል እኮ! ለካስ አይለቁትም። ከሥሩ የተጋደሙት ኮንክሪቶችና ያ ሁሉ ጠጠር ጨምድደው ይይዙታል፣ ብረቱ ውስጡ ተጨናንቆ ይቀመጣል። ጠጠሩን ሰው ለጌጥ ያፈሰሰው ነበር የሚመስለኝ። በጣም በሚሞቅ ቀን አንዳንዱ ባቡር ቀስ ብሎ ሲያልፍ አሁን አዝንለታለሁ፣ ለሐዲዱ ማለቴ ነው።

ደግነቱ ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ አንድ መገጣጠሚያ ቀርቷል። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ፉርጎ ሲያልፍ ኳኳ፣ ትንሽ ዝም፣ ኳኳ ይላል። ልጁ መብራት አጥፍቶ በዚያ ነው የሚቆጥረው።

ጥሩምባውን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ሲመጣ ቀጭን፣ ሲያልፍ ወፍራም። አንተ «ኢኢኢኢ-ኦኦኦኦ» እያልክ በአፍህ ታወጣው ነበር፣ ሰው እያየን እኔ አፍር ነበር። ዶፕለር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1842 ነው ነገሩን በሒሳብ ያስቀመጠው። ከሦስት ዓመት በኋላ ቦይስ ባሎት የሚባል የኔዘርላንድ ሰው እስቲ እናረጋግጥ ብሎ ጥሩምባ ነፊዎችን ባቡር ላይ ጫነ፣ ጆሮአቸው የተባ ሙዚቀኞችን ደግሞ ከሐዲዱ ዳር አቆመ። ኡትሬክት አጠገብ ነው። ነፊዎቹ አንድ ኖታ ይዘው እየነፉ ሄዱ፣ የቆሙት ግን ሲመጣ ከፍ፣ ሲያልፍ ዝቅ ብሎ ሰሙት። ይሄን ለልጁ ስነግረው ከሳቁ የተነሳ ከወንበር ወደቀ። ከዚያ እኔም በአፌ አወጣሁለት። ጎረቤት አይቶኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

«ድምፅሽ ይሰማኛል፣ የምትዪው ግን አይለይልኝም» ትለኛለህ። እኔ ደግሞ ጮክ እላለሁ፣ ትቆጣለህ፣ እቆጣለሁ። ሰሞኑን ጠይቄ ተረዳሁ። ጆሮ በዕድሜ ሲደክም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያመልጡት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው። ሰ፣ ፈ፣ ሸ የሚሉት ይጠፋሉ፣ ወፍራሙ ይቆያል። የኔ ድምፅ ቀጭን ነው፣ የልጁማ አይነሳ። «አታጉተምትሚ» ስትለኝ የመለስኩልህን መልስ እርሳው፣ አንተ ልክ ነበርክ።

ባቡር ግን ወፍራም ነው አባዬ። የጭነቱ ባቡር ሲያልፍ እኔ ራሴ በጆሮዬ አይደለም የምሰማው። ከመሬቱ ይነሳና በእግሬ መዳፍ ይገባል፣ የወንበሩን መደገፊያ ስይዝ ክንዴ ላይ ይደርሳል። የሚያመልጥህ ምናልባት ኩርባው ላይ ጎማው ሐዲዱን ሲፍቅ የሚያወጣው ሲጥጥጥ የሚለው ነው። እሱ ደግሞ ቢላ ሳህን ላይ እንደመጎተት ያለ ነው፣ ባትሰማው ምንም አልቀረብህም።

እና ና። ለሁለት ሳምንት እንኳ። ያ ባዶ ያልኩህ ክፍል ያንተ ነው፣ ካልተመቸህ ከልጁ ጋር ፊተኛው ክፍል ትተኛለህ፣ እንደፈለግክ። ወንበሩን መስኮቱ ሥር አድርጌልሃለሁ። ማውራት እንኳ ላይጠበቅብን ይችላል፣ ተቀምጠን እንቆጥራለን።

መቁጠር ካልኩ፣ ቤታችን ውስጥ ጠብ አለ። ቅዳሜ የጭነቱ ባቡር ሲያልፍ እኔ 46 አልኩ፣ ልጁ 45። እንደገና ሰኞ፣ እኔ 39፣ እሱ 38። ለካስ እሱ ፉርጎ ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ ከፊት ሆኖ የሚስበውን ጎታቹን አይቆጥርም! «ጎታቹ ነው እንጂ ፉርጎ አይደለማ» ይለኛል፣ መልስ አጣሁለት። ያኔ አንተም ሁልጊዜ ከኔ በአንድ ትበልጥ ነበር፣ እኔ ቁጥር የማልችል መስሎኝ ዝም እል ነበር። ቀስ ብዬ እኔም እንዳንተ ሆንኩ መሰለኝ።

ልጁ አያቴ መጥቶ ይፍረድ ብሏል። እስኪ መልስህን በደብዳቤ ላክለት፣ በስልክ እንዳትነግረው፣ አትደማመጡም።

ልጅህ