የሕብረተሰብ ጤና ተማሪዎችን ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትም ላኳቸው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የትምህርት ክፍል ምርጫ በደረሰ ቁጥር «ሕብረተሰብ ጤና ተምሬ ምን ልሆን ነው?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ጤና መኮንን ሆነህ ጤና ጣቢያ ትገባለህ» ነው። ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ቀርቷል። የጎንደር የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው ጎንደር አጠገብ ያለውን የደምቢያን አካባቢ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ነበር። ሙያው ሲጀመርም በሽታን ለመቅደም ነው።

በሰሜን ሸዋ ለልምምድ የሚወጡ ተማሪዎች ከተመላላሽ ክፍሉ ሌላ ቢያንስ አንድ ወር ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ቢቀመጡ ምኞቴ ነው፤ ቢቻል ቆላው ላይ፣ ቀወት ወይም ኤፍራታና ግድም።

የበሽታዎች ሳምንታዊ ሪፖርት የሰኞ እስከ እሑዱን ይይዛል። ሰኞ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ማክሰኞ ወደ ወረዳ ይደርሳል። ተማሪው የወባውን ቁጥር ይውሰድና ያለፉትን 5 ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንት ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርድር። 14፣ 19፣ 22፣ 31፣ 60 ቢሆን በትልቅነት ሁለተኛው 31 የሳምንቱ ገደብ ነው። ዘንድሮ 38 ከመጣ ወረርሽኝ ይጠረጠራል፤ የትኛው ቀበሌ እንደሆነ በዚያው ቀን ይለያል። ከአምስቱ ዓመታት ሁለቱ ወረርሽኝ የነበረባቸው ከሆኑ ግን ገደቡ ያለቅጥ ይሰቀልና በሽታው እየተዛመተ ደኅና ይመስላል። እነዚያን ዓመታት ማውጣት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያታልለው የመመርመሪያ እጥረት ነው። መመርመሪያ ሲያልቅ ሕሙማኑ ወረቀት ላይ ይቀንሳሉ። ስለዚህ የተመርማሪው ብዛት አብሮ ይታይ፤ 40 ተመርምሮ 20 የተገኘበት ሳምንት 200 ተመርምሮ 30 ከተገኘበት የበለጠ ያሳስባል። ባዶ የተተወ ቦታም ዜሮ ማለት አይደለም፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ተደውሎ ይጠየቃል።

ሳምንታዊውን ሪፖርት የማይጠብቁ በሽታዎችም አሉ። ኩፍኝ ወይም ኮሌራ ሲጠረጠር ጤና ተቋሙ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለወረዳው ያሳውቃል። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ ድንገት ዝሎ አልታዘዝ ካለው፣ ፖሊዮ (የልጅነት ልምሻ) ስለሚጠረጠር በ14 ቀን ውስጥ ሁለት የሰገራ ናሙና ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ይወሰዳል። መጠኑ የአውራ ጣት ጫፍ ያህል ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠብቆ በ3 ቀን ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ከመንዝ ገራ ምድር አዲስ አበባ ለማድረስ ማቀዝቀዣ በረዶውና መኪናው ቀድሞ ካልታሰበ ናሙናው ይበላሻል። ይህን በክፍል ውስጥ ብቻ ማስተማር አይቻልም።

ለወደደው መንገዱ ይቀጥላል። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት) ሥልጠና 2 ዓመት የሚፈጅ የማስተርስ ፕሮግራም ሲሆን አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው መስክ ላይ ነው።

ወሩን ለምትመርጡ መምህራን፦ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይሁን። ወባ የሚበረታው ያኔ ነው፤ በጥር የሚመጣ ተማሪ ቁጥሩ ሲወርድ እንጂ ሲወጣ አያይም።

የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያ
ከሸዋ ሮቢት