ጉዳዩ፦ ተማሪዎች በመዝገብ ቤት ስለሚሰጡት አገልግሎት

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

በመጪው ወሰነ ትምህርት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ከክፍል ሰዓት ውጭ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት በረዳትነት ይሠራሉ። «ልጄ ወረቀት ሊያመላልስ ነው ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁ ወላጆች አላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ሥራውን በዝርዝር ላስረዳችሁ።

ደብዳቤ ሲመጣ ተረኛው ተማሪ አስቀድሞ አባሪውን ገጽ በገጽ ይቆጥራል። ከዚያም በገቢ መዝገቡ ላይ የደረሰበትን ቀን፣ የደብዳቤውን ቁጥር፣ ላኪውን፣ ጉዳዩንና የአባሪውን ብዛት ይጽፋል፤ ደብዳቤው የተመራለት ሠራተኛም ፈርሞ ይረከባል። አባሪው ሳይቆጠር ከገባ፣ በኋላ አንድ ገጽ ቢጎድል ላኪው ይርሳው እኛ እንጣለው መለየት አይቻልም። የዚህ ጣጣ የሚያርፈው ባለጉዳዩ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ግን ስም ነው። አንዱ ተማሪ በአንድ ሰነድ «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሐይሉ»፣ በሦስተኛው «ሀይሉ» ሆኖ ይገኛል። ማኅደሩ በስም ፊደል ተራ ከተደረደረ ሦስት ቦታ ይፈለጋል። ትራንስክሪፕቱ ከመታወቂያው ካልገጠመማ ልጁ ከዚህ ከወጣ በኋላም በየቢሮው ሲያስረዳ ይኖራል። ስለዚህ ማኅደር በመለያ ቁጥር ይደረደራል፤ ስምም ከልደት ምስክር ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል እየታየ ይገለበጣል እንጂ ከአፍ ተሰምቶ አይጻፍም። ማኅደር ከመደርደሪያ ሲወጣ ማን፣ መቼ እንደወሰደው የተጻፈበት ካርቶን በቦታው ይቆማል። ይህች ካርቶን ስንት ፍለጋ እንደምታስቀር ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቃል።

ፎቶ ኮፒም ያነሣሉ። ወረቀት ሲይዝባቸው ማሽኑን አጥፍተው፣ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ በሁለት እጅ ቀስ ብለው ይስባሉ፤ በጉልበት ከተጎተተ ተቀዶ ቁራጩ ውስጥ ይቀራል። ማኅተም ግን ተማሪ አይነካም። የሰው ውጤትና የቤተሰብ ጉዳይም ከዚያ ክፍል አይወጣም።

በዚህ ቢሮ «ነገ ይመለሱ» ብቻውን መልስ ሊሆን አይችልም። ጉዳዩ በዕለቱ የማያልቅ ከሆነ የጎደለው ሰነድ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚፈርምና መቼ እንደሚደርስ ተጽፎ ለባለጉዳዩ ይሰጠዋል። ማንበብ ለማይችል ሰው ቅጽ የሞላ ተማሪም የሞላውን ጮክ ብሎ ካነበበለት በኋላ ነው የሚያስፈርመው። ይህን ሥራ የሚያይለት ሰው ጥቂት ነው። አንዲት እናት ሰነዷን በአንድ ቀን ይዛ ስትሄድ፣ ያን ያቃናው ልጅ ቢኮራ እውነተኛ ኩራት ነው፤ እናንተም ቤት ሲገባ ይህንኑ ንገሩት።

ጉዳይ ኖሯችሁ ስትመጡ በቀጥታ ወደ እኔ ከመግባታችሁ በፊት መስኮቱ ላይ ያሉትን ልጆች አነጋግሩ። አብሮ የተላከውን የፈቃድ ቅጽ ፈርማችሁ እስከ ዓርብ ድረስ በልጃችሁ እጅ እንድትልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
ርእሰ መምህር